ማክሰኞ ከሰዓት፣ በክትባት ክፍል

ደሴ ተምሬ የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ ወደ ተወለድኩበት ከሚሴ ስመለስ፣ በጤና ጣቢያው የተሰጠኝ ክፍል ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ነበር። በሩ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ካርድ ሊያወጣ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ እያየ ነው ተራው የሚደርሰው። ሕዝቡ ክፍሉን በር ላይ በተጻፈው ስም አይጠራውም፤ «የእብዶቹ ክፍል» ነው የሚለው። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ ለጎረቤቷ ስታስተዋውቀኝ «የእብዶቹ ሐኪም» ትለኝ ነበር። በፍቅር እንደምትለው ስለማውቅ ስቄ አልፋለሁ።

ወደዚያ ክፍል የሚመጡት አዋቂዎች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ሕመሙ ሥር ከሰደደና ዘመድ ከደከመው በኋላ። ልጆች አይመጡም። የታመመ ልጅ ጠፍቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛው ሰፈር፣ ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ውስጥ ተኩስ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ነበር። አስተማሪ የሆነች ጓደኛዬም ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ስትነጭ ስለምትውል ተማሪዋ ታወራኝ ነበር። ወደ እኔ እንድትልካት ስጠይቃት፣ እናትየዋ ልጇን በዚያ በር ከምታስገባ ሞቷን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። እኔም ሰሌዳው እንዲነሳ፣ ክፍሉም እንዲቀየር ደጋግሜ ጠይቄ «ቦታ ሲገኝ» ተብያለሁ። ቦታው ሳይገኝ ቆየ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ሽርጥ ታጥቀዋል። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፉን አጠገባቸው የተሰለፈች ሴት አነበበችላቸው። ሰምተው ልጅቷን ይዘው ዞሩ። የያዝኩትን ትቼ ተከተልኳቸው። ግቢው በር አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ላይ ደረስኩባቸው።

በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። የእኔ ኦሮምኛ የገበያና የሰፈር ነው፤ እናትና አባቴ ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ የከተማ ሰዎች ስለሆኑ ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነበር። እሳቸው ያነጋገሬን ልክ አይተው ወደ አማርኛ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ንቄሽ አይደለም የዞርኩት» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ነገ ትዳር አላት። በዚያ በር ስትገባ ያየ ሰው ዕድሜ ልኳን ይቆጥርባታል።»

ምን እንደገጠማት ስጠይቃቸው ልጅቷን ዛፉ ሥር አስቀምጠው፣ ራቅ ብለው ነገሩኝ። ቤታቸው በጨፋ ሜዳ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነው። የልጅቷ እናት ሴት ልጃቸው ነበረች። ባሏ ሳዑዲ ለሥራ ሄዷል። ባለፈው ክረምት እቤት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። በባጃጅ ወደዚህ ሲያመጧት መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ባጃጁ ሰጠመ፤ ደርሳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ሕፃኑ ተርፏል፤ ሴት አያቱ ያሳድጉታል። ይቺ ግን እናቷ ከተቀበረች ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትበላለች፣ ትታዘዛለች፣ ከብት ታግዳለች፤ አትናገርም። ሕፃኑን ወንድሟንም አትነካውም።

መጀመሪያ የወሰዷት ወደ አንድ ሸህ ነው። ሸሁ ቁርኣን ቀርተውባት፣ ዱዓ አድርገውላት፣ ሲጨርሱ «ሐኪምም ይያት፤ ሁለቱ አይጣሉም» ብለዋቸዋል። የመጡት ለዚያ ነበር።

«ሌላ ክፍል አለኝ» አልኳቸው። «በሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈበትም። ማክሰኞ ከሰዓት ይዘዋት ይምጡ።»

ይህን ስላቸው ሌላ ክፍል አልነበረኝም። እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ ግቢውን ዞር ዞር እያልኩ አየሁት። የክትባት ክፍሉ ከግቢው ጀርባ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው በሚገቡበት በኩል ነው። ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ለምን ሄደ አይባልም። ክትባት ደግሞ ማክሰኞ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል። ክትባት የምትሰጠው ባልደረባዬ መጀመሪያ ፊቷ አልተፈታም፤ ማቀዝቀዣው በማይሆን ሰዓት ተከፍቶ መድኃኒቱ እንዳይበላሽባት ፈራች። ማንም እጁን እንደማያሳርፍበት ቃል ገባሁላት። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ለሙከራ ያህል ፈቀደልኝ።

ማክሰኞ ሽማግሌው ልጅቷን ይዘው መጡ። ክፍሉ ውስጥ የሕፃናት መመዘኛ ሚዛን ከጣሪያ ተንጠልጥሏል፤ መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ጆሮዋን አየሁላት፤ በደንብ ትሰማለች። ደሴ ያስተማሩኝን ሐኪም በስልክ ደውዬ ሳማክራቸው፣ ተናገሪ ብዬ እንዳላስጨንቃት፣ እጇን የምታፍታታበት ነገር እንድሰጣት፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እንድሠራ ነገሩኝ። ወረቀትና እርሳስ ብሰጣት አልነካችውም። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከቦርከና ዳር ጥቁር ጭቃ በፌስታል ቋጥረው አመጡ። የጨፋ ልጆች ከብት ሲያግዱ በዚያ ጭቃ ላምና በሬ ይሠራሉ።

ጭቃውን ስታይ እጇን ዘረጋች። ላም ሠራች፤ ቀንዷን በስንጥር አበጀችላት። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥጃ ልሠራ ሞከርኩ። የእኔ ጥጃ ውሻም አይመስልም። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ይህ ጥጃ ነው ስላት ቀና ብላ ጥጃውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯ በአንድ በኩል ትንሽ ተነሳ። ጥጃዬን ወስዳ አፍርሳ እንደገና ሠራችው። የዚያን ቀን ሥራዬ ሁሉ ይህ ነበር። ሌላ ሰው ቢያየን ሁለት ሥራ የፈቱ ሰዎች ጭቃ ያቦካሉ ይል ነበር። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይጠብቁናል። የጠዋቱ ክትባት አልፎባቸው የሚመጡ እናቶች ቀጠሮ ሲያስለውጡ ልጃቸውን ያሲዟቸዋል፤ እሳቸውም ታቅፈው ያባብላሉ። አንዲት እናት አንቱም ልትከተቡ ነው ወይ ብላ ቀልዳባቸው ሲስቁ፣ ሳቃቸውን ግድግዳው አልፎ ሰማሁት።

የልጅቷ አባት ዓርብ ዓርብ ከሳዑዲ በስልክ በቪዲዮ ይደውላል። ሽማግሌው እንደነገሩኝ ልጁን «አናግሪኝ» እያለ ይለምናታል፤ እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እሱም የደበቃችሁኝ ነገር አለ እያለ ቤተሰቡ ላይ ይጮኻል። ሚስቱን አልቀበረም፤ ሕፃኑንም አልዳሰሰም። አንድ ማክሰኞ እዚያው ክፍል እያለን እንዲደውል አደረግንና እኔ አነጋገርኩት። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ሲሰማ ደነገጠ። ልጄ አብዳለች ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላበደችም፤ ሐዘኑ አፏን ይዞት ነው አልኩት።

«አናግሪኝ አትበላት» አልኩት። «አንተ አናግራት። ስለ ውሎህ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ እናቷ አውራላት። መልስ አትጠብቅ።»

ስልኩን ወደ ልጅቷ አዞርኩት። ከዚያ በኦሮምኛ ለልጁ ስለሚጠብቃቸው ግመሎች ይነግራት ጀመር። አንዷ ግመል ተናዳጅ እንደሆነች፣ እሱንም እንዴት እንዳሯሯጠችው አወራላት። ልጅቷ ስልኩን ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ስለ ሚስቱ ሊያወራ ሲጀምር ግን ድምፁ ተቆረጠ፤ ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። ልጅቷ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ከእጇ አላወጣችውም።

ከዚያ በኋላ ቀሩ። አንድ ማክሰኞ ቀሩ፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። በሦስተኛው የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠየቅኋት። ልጅቷን ሐኪሟ የሚያፈዝዝ መርፌ ትወጋታለች የሚል ወሬ መንደሩ ውስጥ ተነስቶ ሴት አያቷ እንደከለከሉ፣ ማሽላውም ስለደረሰ ልጅቷ ወፍ ጥበቃ ላይ እንደሆነች ነገረችኝ። አብረን ሄድን። ባጃጁ እስከሚችልበት ወሰደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ሴት አያትየው በአክብሮት ተቀበሉን። የያዝኩትን ቦርሳ ከፍቼ መርፌ እንደሌለኝ አሳየኋቸው፤ ማክሰኞ ከልጅቷ ጋር አብረው ገብተው እንዲያዩም ጠየቅኋቸው። ቅር እያላቸውም ቢሆን «አብሽሪ፣ እመጣለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ልጅቷን ፍለጋ ወደ ማሳው ወረድኩ። ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው። በየማሳው ማማ ላይ የቆሙ ልጆች ወፎቹን እየጮኹ ያባርራሉ፤ ሜዳው በሙሉ ጩኸት ነው። ከአንደኛው ማማ ላይ ግን ጩኸት አይሰማም፤ ጅራፍ ብቻ ይጮኻል። እሷ ነበረች። መጮህ ስለማትችል አያቷ ረጅም ጅራፍ ሠርተውላታል።

እየተንገዳገድኩ ማማው ላይ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቦታ ለቀቀችልኝ። ፀሐዩ ይፋጃል። ከቦርሳዬ የውሃ ጠርሙስ አውጥቼ ጠጣሁና ለእሷ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ጠርሙሱን አፍጥጣ አየችው፤ ጅራፉ ከእጇ ወደቀ።

«ቢሻን» አለች።

ውሃ ማለቷ ነው። ድምጿ የሻከረ፣ ከጉሮሮዋ ሥር የመጣ ነበር። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ቀስ እያለች፣ እየቆረጠች ቀጠለች፤ ኦሮምኛዬ ቢጎድልም ሁሉም ገብቶኛል። በባጃጁ ውስጥ የውሃውን ጠርሙስ እንድትይዝ የተሰጣት እሷ ነበረች። ክዳኑ ጠፍቶ ስለነበር በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባጃጁ ጭቃው ውስጥ ዘጭ ሲል ውሃው ተደፋ። ሰዎቹ ወርደው ባጃጁን ሲገፉ እናቷ ውሃ ብላ ጠየቀቻት። የለም ማለት ፈርታ ዝም አለች። እናቷ ደጋግማ ጠየቀቻት፤ እሷም ደጋግማ ዝም አለች። ከዚያ እናቷ መጠየቅ ተወች።

«ስለጠማት ሞተች» አለችኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። ይህን ለማለት አፍታም አልቆየሁም። እሷ ግን ፊቴን ስታይ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

አልነበርኩም። አለመኖሬን ነገርኳት። «የነበረች ሰው ግን አውቃለሁ፤ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ከዚያ እቅፌ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ወፎቹ የአያቷን ማሽላ እንደልባቸው ሲበሉ ዋሉ፤ ማናችንም አላባረርናቸው።

እናቲቱን በሞተችበት ቀን የተቀበለቻት አዋላጅ ነርስ አሁንም ከእኛው ጋር ትሠራለች። የአካባቢው ተወላጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ሄጄ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ያቺን ሴት እንዳልረሳቻት፣ በዚያ አልጋ በኩል ስታልፍ አሁንም ዓይኗን እንደምታዞር ነገረችኝ። ልጅቷን ለማየት ፈራች። «ለምን አላዳንሻትም ብትለኝስ?» አለችኝ።  አስቢበት ብያት ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ክፍሌ ድረስ መጥታ እሺ አለችኝ።

ማክሰኞ ምንጣፉ ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ልጅቷ፣ ሴት አያቷ፣ አዋላጇና እኔ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ውጭ ናቸው። አዋላጇ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ነበር የመጣችው። ለልጅቷ የነገረቻትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እዚህ ላይ በአማርኛ ልመልሰው።

«እናትሽን የተቀበልኳት እኔ ነኝ» አለቻት። «እናትሽ የሞተችው ደም ፈሷት ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በጣም ይጠማዋል፤ ስለዚህ ነው ውሃ ያለችሽ። ውሃው ግን ደሙን አያቆመውም። እኔ እዚህ ስትደርስ በክንዷ ደም ሥር ብዙ ውሃ ሰጥቻታለሁ፤ በሁለቱም ክንዷ። እሱም አላዳናትም። ያንቺ ጠርሙስ ሙሉ ቢሆንም አያድናትም ነበር።»

ልጅቷ አዳመጠች። ከዚያ እናቷን አሟት እንደነበር ጠየቀች። አዋላጇ አልዋሸቻትም። መጀመሪያ አሟት እንደነበር፣ ኋላ ግን እንቅልፍ እንደሚጥለው ሰው ዝም እያለች እንደሄደች ነገረቻት። «ልጄ የት አለች ብላኝ ነበር። እዚሁ በር ላይ ናት አልኳት» አለች። ይህን ብላ እሷም አለቀሰች። ሴት አያትየው እስከዚያ ሰዓት ስለ ጠርሙሱ ምንም አያውቁም ነበር። ልጅቷን ጎትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። «ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ?» አሏት። መርፌ የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልወጣም።

በማግሥቱ አፏ ተከፍቶ ታወራለች ብሎ የጠበቀ ቢኖር አልሆነም። መጀመሪያ ከሴት አያቷ ጋር በሹክሹክታ ጀመረች። ቀጥሎ ከአባቷ ጋር፤ ስለዚያች ተናዳጅ ግመል በስልክ ጠየቀችው፤ እሱም መልሱን ሳይጨርስ ማልቀሱን ሽማግሌው ነገሩኝ። ትምህርት ቤት ለመናገር ብዙ ወራት ፈጀባት። አስተማሪዋን ሄጄ አነጋግሬው፣ ጮክ ብላ እንድታነብ እንዳያስገድዳት ተስማምተን ነበር፤ አንድ ቀን ራሷ እጇን አወጣች። ክረምት ሲገባና ዝናቡ ሲጠና አሁንም ፊቷ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ አያቷ ሳልጠራቸው ይዘዋት ይመጣሉ። ወንድሟን ግን አሁን ከጀርባዋ አታወርደውም፤ እየከበዳት እንኳ።

ሽማግሌው ከእኔ የበለጠ ሥራ ሠሩ። የወሰዷትን ሸህ አግኝተው ልጅቷ እንደተሻላት ነገሯቸው። ሸሁም አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ፣ የማንንም ቤት ሳያነሱ፣ የልጅ ልብ እንደሚታመም፣ ለዚህም ሐኪም እንዳለው፣ ዱዓውም ሕክምናውም ከአላህ እንደሆነ ለጀማዓው ተናገሩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስደርስ በክትባት ክፍሉ በር ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አንድ አባት ከተማ ድረስ ልጁን አዝሎ መጥቷል። አስተማሪዋ ጓደኛዬም ያቺን ፀጉሯን የምትነጭ ልጅ ከነእናቷ ይዛ መጣች። እናትየዋ ስትገባ ግራና ቀኝ አየች፤ ሕፃን ያቀፉ ሴቶች ብቻ ሲሆኑባት ትከሻዋ ወረደ። ማቀዝቀዣው የሚያሳስባት ባልደረባዬ አሁን ምንጣፉን ራሷ ታነጥፍልኛለች፤ ጭቃውን ግን አልወደደችውም።

ሁሉም የተሳካ እንዳይመስል። እኔ አንዲት ነኝ፤ ስታመምና ስብሰባ ስሄድ የሚቀመጥ ሰው የለም። ደሴ ድረስ መሄድ እያለበት ወላጁ አልችልም ብሎ የቀረብኝ ልጅ አለ። ሁለቴ መጥታ የጠፋችብኝ፣ ኋላም ወደ ዓረብ አገር ሄደች ሲሉ የሰማሁባት ልጅ አለች። አሁንም ፊቷ ይመጣብኛል። የአዋቂዎቹም በር እንዳለ ነው፤ ሰሌዳው አልተነሳም። ልጆቹን ከዚያ በር ማሸሼ ለልጆቹ በጅቷቸዋል፤ በዚያ በር የሚገቡትን አዋቂዎች ግን ከሐፍረቱ አላወጣኋቸውም። ይህን ሳስብ ሥራዬን ግማሽ ላይ የተውኩት ይመስለኛል። ኃላፊያችንን አሁንም እጠይቃለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ባቲ የምትሠራ ነርስ እንዲህ ያለ ቀን መጀመር ፈልጋ ጠራችኝ። የቱ ቀን ይሁን በሚለው ተከራከርን። እኔ ጭር ያለ ቀን ብዬ ነበር። እሷ ሰኞ ካልሆነ አይሆንም አለች፤ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከቆላም ከደጋም ሰው የሚመጣው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ግርግርም ማን ወዴት እንደገባ የሚያይ የለም። ልክ ነበረች። የመጀመሪያው ሰኞ ለመርዳት ሄድኩ። የግመሉና የፍየሉ አቧራ ጤና ጣቢያው ድረስ ይመጣ ነበር። እስከ ቀትር ማንም ሳይመጣ ቆየ። ከዚያ ከአፋር በኩል የመጣች አንዲት እናት፣ የሸጠችው ፍየል ገመድ እጇ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ልጇን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እሷም እኛም የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም። የባቲዋ ነርስ አፋርኛ የሚችል ሰው ፍለጋ ወደ ገበያው ስትሮጥ፣ እኔ ምንጣፉን መታ መታ አድርጌ እንዲቀመጡ በእጄ ጋበዝኳቸው። እናትየዋ ገመዱን ከእጇ ፈትታ ጫማዋን አወለቀችና ገብታ ተቀመጠች።